ከመንደሩ በላይ የሚዞሩት ካፒቴን

አንዲት ወጣት አብራሪ ነበረች። ትምህርቷን ጨርሳ የበረራ ፈቃዷን ይዛለች፤ ሥራ ግን የላትም። ለምን? የበረረችው ሰዓት ትንሽ ነው። የምትጠይቃቸው ሁሉ "ሰዓትሽን ሞልተሽ ነይ" ይሏታል። ሰዓት የሚሞላው በመብረር ነው፤ እንድትበር ደግሞ የሚያስቀምጣት የለም። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ አዙሪት ውስጥ የገባ ሰው በመካከላችሁ የለም? አለ እንጂ።

በኋላ ካፒቴን ደምሰው የሚባሉ አንድ አዛውንት አብራሪ "ከጎኔ ተቀመጪ" አሏት። ሰውየው በትንሽ አውሮፕላን ወደ ቆላ መንደሮች መድኃኒትና የእርዳታ እህል ያመላልሳሉ። አየር ላይ ከወጡ በኋላ መሪውን ይሰጧታል፤ የበረረችው ሰዓት ይቆጠርላታል። ክፍያ የለም፣ ውለታ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እሷስ ምን አለች? "ምን ፈልገው ነው?" አለች።

አክስቷ እትዬ ስንቅነሽም ነገሩን አባባሱት። በዚህ ዘመን በነፃ የሚሰጥ ሰው አይተው እንደማያውቁ ነገሯትና ዓይንሽን ግለጪ አሏት። ገለጠችው። ከዚያ በኋላ ያ ዓይን አልተከደነም።

ካፒቴኑ ዝምተኛ ናቸው፤ ይህ አጠራጠራት። ምንም አያዟትም፤ ይህም አጠራጠራት። ከሁሉ የባሰው ግን የማረፊያው ነገር ነበር። ሊያርፉ ሲሉ ሁልጊዜ መሪውን ከእጇ ይወስዳሉ። ወደ ማረፊያው የሣር ሜዳ ቀጥ ብለው አይወርዱም። ወደ ጎን ይታጠፋሉ፣ ከሜዳው አጠገብ ካለው መንደር በላይ ዝቅ ብለው አንዴ ይዞራሉ፣ ቁልቁል ያያሉ፣ ከዚያ ያርፋሉ። ሁልጊዜ።

እዚያ መንደር ምን አላቸው? ማንን ነው የሚያዩት? ምልክት የሚሰጣቸው ሰው ይኖር ይሆን?

ኮንትሮባንድ ነው ብላ ደመደመች። ካፒቴኑ ዘወር ሲሉ ጆንያዎቹን በጣቷ ትዳብሳለች። ሊቀበላቸው የሚመጣውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ትመረምራለች። አንድ ቀን አንድ የመንደሩ ሰው ለካፒቴኑ በቅል ማር ሰጣቸው። "ይኸው፣ ተገኘ" አለች በልቧ። እሳቸው ግማሹን ሲያካፍሏት ደግሞ "አፌን ሊያስይዙኝ ነው" አለች። ማሩን ግን በላችው።

ወራት አለፉ። የእርዳታ ድርጅቱ ኃላፊ ተጨማሪ አብራሪ ፈለገና ልጅቷ ትችል እንደሆነ ካፒቴኑን ጠየቃቸው። እሳቸውም አልደበቋትም። ዛሬ የምታሳርፊው አንቺ ነሽ፣ በደንብ ካሳረፍሽ ሥራው ያንቺ ነው አሏት።

እስቲ አስቡት። ስትለምነው የኖረችው ቀን መጣ። ሜዳው ታየ፤ መንደሩም በስተግራ ታየ። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? "በእኔ እጅስ እዚያ መንደር ላይ አይዞርም" አለች። ከወንጀሉ ንጹሕ ልትሆን ነዋ! ቀጥ ብላ ወደ ሜዳው ወረደች።

አውሮፕላኗ ግን መሬት አልነካ አለች። ሜዳው ከሥራቸው ይሮጣል። ጎማው ሣሩን የነካው ሜዳው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ፊት ለፊት ግራር ተደርድሯል። ካፒቴኑ መሪውን ነጥቀው፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ለጥቂት አነሷት።

ከዚያ ካፒቴኑ እንደ ልማዳቸው መንደሩ ላይ ዞሩና በጣታቸው ወደ ታች አመለከቱ።

"ጭሱን እይው" አሏት።

ከጎጆዎቹ የሚወጣው ጭስ እሷ በወረደችበት አቅጣጫ ተኝቶ ይነጉዳል። ነፋሱ ከኋላዋ ነበር ማለት ነው። አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው፤ ከኋላ ከገፋው አልቆምም ይላል። በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚያሳይ ጨርቅ አይበረክትም፤ በተሰቀለ ማግስት ይጠፋል። ካፒቴኑ ያን ሁሉ ጊዜ ቁልቁል የሚያዩት የሰው ቤት ጭስ ነበር።

ካረፉ በኋላ ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀቻቸው።

"ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር" አሉ። "እኔ ወደ ታች ሳይ አንቺ እኔን ታያለሽ።"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አስቀመጡኝ?"

ጥያቄው ገረማቸው። "ወንበሩ ባዶ ነበራ" አሉ።

በቃ። ስንት ወር ስትቆፍረው የከረመችው ምስጢር ይኼው ነው።

ለኃላፊው "ገና ናት" አሉት፤ እውነታቸውን ነው። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው፣ እሷም አለቀሰች። ሰኞ ጠዋት ግን ካፒቴኑ አውሮፕላኗ ሥር ቆመው ይጠብቋት ነበር። ከሩቅ ስታያቸው መጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣው ምን መሰላችሁ? "አሁንስ ምን ፈልገው ነው?" ጥርጣሬ በአንድ ቀን አይለቅማ። ግን ሄዳ ተቀመጠች፤ ያን ቀን እስኪመለሱ ድረስ ስትጠይቅ ዋለች።

ሳቃችሁ? እኔ እኮ አውቃችኋለሁ። አሁን እንኳ "ይህ ሰባኪ ዛሬ ማንን ሊነካ ነው?" እያላችሁ የምትተያዩ አላችሁ። ማንንም ለይቼ አይደለም፤ ሁላችሁንም ነው። እግዚአብሔር ደህና ቀን ሲሰጣችሁ "በኋላ ምን ሊያስከፍለኝ ነው?" ብላችሁ የምትፈሩ እናንተ አይደላችሁም?

ሁሉን እመኑ አላልኩም። ሌባ መኖሩን አውቃለሁ፤ ከዚህ ቤት ደጃፍ እንኳ ጫማ ይጠፋል። እኔ የምለው ጠይቁ ነው። ከአባታችሁ ጎን ስንት ዓመት ተቀመጣችሁ? ከትዳር ጓደኛችሁስ ጎን? ዓመቱ ተቆጥሯል። ግን ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ ጠይቃችኋል ወይስ ደምድማችኋል? አንድ ቀን አባታችሁ አይኖሩም፤ ቤቱን የምትመሩት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ በምን ልትመሩት ነው?

እዚህ ካላችሁት መካከል አማቷ በየጠዋቱ እየደወሉ "እንዴት አደርሽ?" የሚሏት ሴት አለች። "ሊሰልሉኝ ነው" ብላ ስልኩን አታነሳም። ስም አልጠራም። እህቴ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጪ አንቺ ደውዪ። "እርስዎስ እንዴት አደሩ?" በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያቸው። ምናልባት በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያናግራቸው ሰው የለም።