ሬሳ የሚያርፍበት ወንዝ

በደንጎራ ሰው ሲሞት ሬሳው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፤ መጀመሪያ ወደ አንጎ ወንዝ ይወርድና ቃሬዛው ዳሩ ላይ ያርፋል፣ ከማዶ የልቅሶ ድምፅ እስኪሰማም ቀባሪው ይቆማል። እንግዳ ሰው «ምነው ሟቹን ታጉላሉታላችሁ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ የባሻ ደርበውን ነገር ያወሩለታል።

እንደሚነገረው ያኔ አንጎ ድንበር አልነበረም፤ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ሙሽራ ይሻገረዋል። ባሻ ደርበውም አንዲት ልጃቸውን ያልጋነሽን የዳሩት ለማዶ ሰው ነበር። አገሩን የያዙት ፈረንጆች ካገሬው ጋር የገጠሙት ጦርነት ሲሰለቻቸው፣ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ እነሱ እንዲወጡ በሩቅ ከተማ እርቅ ተዋዋሉ፤ ለደንጎራ ሰው ግን ማን ይንገረው! ከዚያው የተላኩ ሹማምንት መጥተው ድንኳን ተከሉና «የዚህን አገር ወሰን የሚያውቅ ሽማግሌ ማነው?» ሲሉ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ባሻ ጠቆመ። እሳቸው ወሰን ሲባል የሚያውቁት የግጦሽ ወሰን ነው፤ በሣር የሚጣሉትን ሁለት መንደሮች ሊያስታርቁ የመጡ መስሏቸው ደስ አላቸው። እንደ ደንቡ አፈር በአናታቸው ተሸክመው፣ «ብዋሽ ልጄን ይንሳኝ» ብለው ምለው፣ ወንዝ ወንዙን ሄዱ። ሹማምንቱም ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ ችካል ቸከሉ።

ብዙም ሳይቆይ ወታደር መጣ። ያልጋነሽ አባቷን ልትጠይቅ ስትወርድ «ያ ሌላ አገር ነው» ተብላ ተመለሰች። ባሻ ይህን ሲሰሙ ወደ ድንኳኑ ሮጡ።

«ጌቶቼ፣ እኔ የማልኩት ለሣር ነው!»

«ታዲያ መሐላዎን ያፈርሳሉ?» አላቸው አንዱ ሹም።

መሐላው ቢፈርስ ልጅቱን ይበላታል፤ ቢጸና ደግሞ ዓይኗን አያዩም። ባሻ ብትርቅም ትኑርልኝ ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ የሳቁበት ቀን የለም ይባላል።

ሊሞቱ ሲሉ «ያልጋነሽ ሳታለቅስልኝ አፈር እንዳታለብሱኝ» ብለው ተናዘዙ። ቃሬዛቸው ወንዙ ዳር ዋለ። እሷም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከማዶ፣ ከወታደሩ ጎን ቆመች፤ ግን ቂም ይዟት ኖሮ እንባ አልወጣትም። ቀባሪው ተስፋ ቆርጦ ቃሬዛውን ሊያነሳ ሲል ነው፣

«አባዬ፣ ምነው ሳትጠይቃቸው ማልህ!» ብላ የጮኸችው። ያን ጊዜ እያለቀሰች መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ባሻም ተቀበሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የደንጎራ ሰው ሟቹን ሁሉ ወንዙ ዳር ያሳርፋል። አሁን አሁን ግን የማዶ ዘመድ እያለቀ ነው። ከወዲያ ድምፅ ሲጠፋ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይጠብቁና፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ቃሬዛውን አንስተው ይሄዳሉ።