ሠርግ የመረጠው ጎረምሳ አህያ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሚያንቀላፋም ይንቃ።

አንድ ጎረምሳ አህያ ለጭነት ደረሰና ሥራ ሊመርጥ ወጣ። መጀመሪያ ግመልን አገኘ።

«አያ ግመል፣ ምን ብጭን ይሻለኛል?»

«ጨው ጫን። አገር ታያለህ፤ ቤትህን ግን እርሳው።»

«እናቴን ጥዬማ አልሄድም» አለና መንገድ ላይ ያገኘውን አንድ አሮጌ አህያ ጠየቀ።

«ከእኔ ጋር ውሃ አመላልስ፤ ሲመሽ ቤትህ ነህ» አለው አሮጌው።

«በዚህ ቁመና ውሃ?» ብሎ ሳቀበት።

ይህን የሰማች በቅሎ ያጌጠ ኮርቻዋን እየነቀነቀች፣ «እኔስ ሠርግ ላይ ነው የምሠራው። እልልታውን ብትሰማ!» አለችው።

ጎረምሳው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ተከተላት። እውነትም የድግሱ ቤት ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩት እልል አሉ። ውሃ አልቆባቸው ነበርና ወዲያው ጀሪካን ጫኑበት።

ወንዝ ሲወርድ አሮጌው አህያ ቆሞ ጠበቀው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው፤ «እልልታው እዚህ ድረስ ተሰምቷል።»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በሠርግ ቤት ውሃ አብሱ።