እድር የገባው ፓምፕ

ተረት ተረት! የለም፣ ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የአህያ ነው።

ዱሮ ዱሮ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር፣ ወይዘሮ ትብለጥ የሚባሉ ሴት አንዲት አህያ ነበረቻቸው። ከወንዝ ውሃ ስታመላልስ ጀርባዋ ተልጧል። ታዲያ አንድ ቀን ሰዎች በመኪና መጥተው መንደሩ መሀል የእጅ ፓምፕ ተከሉ። አህያዋ አረፈች፤ አረገዘችም። የፊተኛው ፅንስ በሸክም ጨንግፎባት ነበርና ይህንን እንደ ዓይኗ ብሌን ትሳሳለት ጀመር።

ሲሰነብት ፓምፑ ሲጢጥ ሲጢጥ አለ። «እመት አህያ፣ ደረቅኩ፤ የመንደሩን ሰዎች ቅባት ቅቡኝ በያቸው» አላት። ነገረቻቸው። «የተከለው ይቀባው» አሉ።

ደግሞ «ብሎኔ ላልቷል፤ አጥብቁልኝ በያቸው» አላት። ነገረቻቸው። «የመንግሥት ዕቃ ማን ይነካል?» አሉ።

በሦስተኛው «እመት አህያ፣ በቃ ደህና ሁኚ» ብሏት ቆመ፤ ውሃውም ተቋረጠ።

ወይዘሮ ትብለጥ ሆዷን እያዩ ጀሪካኑን ጫኗት። «ምን ላድርግሽ እናቴ፣ ልጆቹ ተጠሙ» አሏት። ወደ ገደሉ ሲወርዱ በእድሩ ቤት በኩል አለፉ። ትልቋ የእድር ድስት ደጃፉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

«እማማ ድስት» አለች አህያዋ፣ «ፓምፑም የሁሉም፣ አንቺም የሁሉም። እሱ ሲዝግ አንቺ በምን አማረብሽ?»

«እኔን ሳያጥብ የመለሰ ይቀጣል። ጆሮዬ ሲላቀቅ ያስጠግኑኛል። እኔ እድር አለኝ፤ እሱ ማን አለው?»

አህያዋ እዚያው ተኛች። ቢጎትቷት፣ ቢለማመጧት አልተነሣችም። ለስብሰባ የመጡት እድርተኞች ከበቧት።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ዳኛው አቶ ዘርጋው።

«ፓምፑን እድር አስገቡልኝ።»

አቶ ዘርጋው ሳቁ። «እድር እኮ ለሞተ ነው።»

«እሱስ ሞቶ የለ? እመንደራችሁ መሀል ሞቶ አንድም ሰው አልደረሰለትም። ነገ ደግሞ ልጄ ይከተለዋል።»

ወይዘሮ ትብለጥ ጀሪካኑን ከጀርባዋ አወረዱ። «እውነቷን ነው፤ እንድረስለት» አሉ።

ደረሱለት። ብሎኑ ጠበቀ፣ ቅባት ተቀባ። ድስቷን የሚጠብቁት ሴቶች ፓምፑንም ተረከቡ። እሱም ጥቂት ካሳለ በኋላ ውሃውን ለቀቀው። ውርንጭላው ሲወለድ መጀመሪያ የቀመሰው ውሃ የዚያ ፓምፕ ነበር።

የሁሉም የሆነ ነገር፣ ጠያቂ ካጣ የማንም ነው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅር፣ ከዚያ ፓምፕ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃኛል። እጀታውን ግን ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፤ የኛ ነው።