ደጋፊ ያጣ ሐሳብ

በአንድ ማክሰኞ ቀን ብቻውን የቀረ ሰው ነበረ። አገሩ ስኮትላንድ ነው፤ የሚኖረውም በባሕር ዳርቻ ባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበር። ሥራው አስተማሪ ሲሆን የከተማው ምክር ቤት አባልም ነበር።

በዚያ ዘመን ሴቶች በሎንዶን ላለው ፓርላማ የሕዝብ እንደራሴ አይመርጡም። የዚያች ከተማ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲበልቱ እየዋሉ እጃቸው በጨው ይላጣል፤ ግብር ይከፍላሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። ሦስት መቶ ሆነው አቤቱታ ፈረሙና ምክር ቤቱ ደግፎ ወደ ሎንዶን እንዲልክላቸው ለአስተማሪው ሰጡት።

የምክር ቤቱ ደንብ ጥብቅ ነው። አንዱ አባል ያቀረበውን ሌላው አባል «እደግፋለሁ» ካላለ አይመከርበትም፤ በመዝገብም አይጻፍም። ስለዚህ አስተማሪው አስቀድሞ ወደ አብሮ አደጉ ሄደ፤ እሱም ባለጸጋ ነጋዴና የምክር ቤቱ አባል ነበር።

«አንተ ብቻ ተናገር፤ እኔ አለሁልህ» አለው ነጋዴው።

ማክሰኞ ደረሰ። አስተማሪው ቆሞ አቤቱታውን አነበበ።

«ሴቶቹ ምርጫ ከሄዱ ዓሣውን ማን ሊበልት ነው? አንተ በጠመኔህ?» አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሰብሳቢው «ደጋፊ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ነጋዴው መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር።

ሕዝብ ከሚቆምበት ከእንጨቱ አጥር ወዲያ አንዲት አሮጊት «እኛ አለን እንጂ! ሦስት መቶ ነን!» ብላ ጮኸች።

«እመት፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለ ሰው አይቆጠርም» አለ ሰብሳቢው። ዳግመኛም ጠየቀ። አስተማሪው ዞሮ አብሮ አደጉን አየው። ነጋዴው ቀና አላለም። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ፤ ስብሰባውም ወደ ቦይ ጥገና አለፈ።

ሲወጡ ነጋዴው የአስተማሪውን ክንድ ያዘ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አልተቃወምኩህም። አንዲት ክፉ ቃል ከአፌ ወጥታለች?»

አስተማሪው በቀጣዩ ምርጫ ወደቀ። ወንዶቹ ሳቁበት። ሴቶቹም «አንድ ደጋፊ እንኳ ሳይዝ አዋረደን» ብለው ሸሹት። ደጁን የሚያንኳኳ ጠፋ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሴቶች እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከተማው ደስታውን ሲያከብር ነጋዴው መድረክ ላይ ወጥቶ «እኛ ከጥንትም ከሴቶቻችን ጎን ነበርን» አለ፤ ተጨበጨበለት። አስተማሪው የምክር ቤቱን መዝገብ አስወጥቶ የዚያን ማክሰኞ ቃለ ጉባኤ ፈለገ። ስለ ቦዩ ጥገና ሁለት ገጽ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

ወዳጄ፣ «ሳልቃወምህ ለምን ትቀየመኛለህ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ነጋዴውም አልተቃወመም። ዩኒቨርሲቲው እኔን ለማባረር በተሰበሰበ ዕለት እውነቱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ፤ በጉባኤውም ወንበር ነበረህ። እጃቸውን ያወጡብኝን ሰዎች ፊት ረስቻለሁ። የአንተን ፊት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስበላ አየዋለሁ። ለጥያቄህ መልስ ሰጥቻለሁ። አሁን እኔ ልጠይቅህ፤ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ? መሬት መሬት አትይ። መልስልኝ።