ጓነጎለ የሚለው ቃል የመጣበት

በግራር አምባና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ሰው ሲበደል ዛሬም «ጓነጎሉኝ» ይላል። እንግዳ ሰው ቃሉን ሲሰማ ሰረቁኝ ማለት ነው ወይስ ቀሙኝ ብሎ ይጠይቃል፤ የአገሩ ሰው ግን ሁለቱም እንዳልሆነ ይነግረዋል። መጓንጎል ማለት የሰውን ሀብት በጠራራ ፀሐይ፣ ባለቤቱን እያስመረቁ መውሰድ ነው። የቃሉ አመጣጥም ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት እንዲህ ነው።

ጓንጉል የግራር አምባ ጭቃ ሹም ነበር። በእሱ ዘመን አትጠገብ የምትባል ሴት ባሏ ቆላ ወርዶ በንዳድ ስለሞተባት፣ ከአንዲት ጨቅላ ልጇና ከአንድ የወንዝ ዳር መሬት ጋር ብቻዋን ቀረች። ጓንጉል ለቅሶው ሳያበቃ መጥቶ፣ የባልሽ ወንድሞች መሬቱን ሊነጥቁሽ መክረዋልና በሕዝብ ፊት ለጓንጉል ሰጥቼዋለሁ በዪ፣ እኔ እያረስኩ አበላሻለሁ፣ ልጅሽ ስታድግ ትረከበዋለች አላት። እሷም አምናው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ «መሬቱ የእርስዎ ነው» ብላ ጉልበቱን ሳመች፤ ሕዝቡም የሙት ልጅ አሳዳጊ እያለ መረቀው። ከዚያ ወዲያ በየመኸሩ ጥቂት ጤፍ ሲልክላት እሷም ከደጇ ወጥታ ትመርቀው ነበር ይባላል። የባሏ ወንድሞች ምንም እንዳልመከሩ ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ልጅቷ ስትታጭ አትጠገብ መሬቷን ጠየቀች። ጓንጉል የምን መሬት ብሎ ስለሳቀባት ለመንደሩ ሽማግሌዎች ጉባኤ ከሰሰችው።

በዚያ አገር ልማድ ከሳሽ በደሉን በስሙ መጥራት ነበረበት። ሰረቀኝ ብትል፣ ሁሉ እያየው በቀን ያረሰ ሰው እንዴት ሌባ ይባላል አሏት። ቀማኝ ብትል፣ በትር አንሥቶብሽ ነበር ወይ አሏት። አደራዬን በላ ብትል፣ የእርስዎ ነው ያለችው በራሷ አፍ ነው ብሎ ጓንጉል ምስክር ቆጠረባት፤ ምስክሮቹም ያን ቀን አብረዋት የመረቁት ጎረቤቶቿ ነበሩ። አታለለኝ ብትል ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጤፍ የላከልሽን ሰው ብለው ገሠጿት። በመጨረሻ የጉባኤው ሰብሳቢ አባ ንብረት «ልጄ፣ የበደልሽን ስም ካላወቅሽው በምን እንፍረድልሽ?» አሏት።

አትጠገብ በንዴት ተነሣች።

«ስሙማ ይኸው ፊታችሁ ተቀምጧል» አለች። «ጓነጎለኝ።»

ከኋላ አንድ ንብ አናቢ ተነሥቶ፣ እኔንም ጓንጉሎኛል፣ ቀፎዎቼን የወሰደብኝ እጁን አስሞኝ ነው አለ። ከእሱ ቀጥሎ አንድ ሸማኔ፣ ከሸማኔው ቀጥሎ ሁለት እኅትማማቾች ተነሡ። ሁሉም እስከዚያ ቀን ዝም ያሉት፣ የመረቁትን ሰው መልሶ መክሰስ አሳፍሯቸው ነው።

ሆኖም አልተፈረደላትም። ሽማግሌዎቹ በማናውቀው ቃል አንፈርድም ብለው ተበተኑ፤ ጓንጉልም ስሜን አጎደፈች ብሎ በገበያ መካከል አስገረፋት። እንደሚነገረው በእያንዳንዱ ጅራፍ ያንኑ ቃል ትደግም ነበር፤ ገበያተኛውም ሰምቶ በየመንደሩ ይዞት ገባ። ከዚያ ወዲህ በግራር አምባ ልጁን ጓንጉል ብሎ የሰየመ የለም።

ጓንጉል ከሞተ በኋላ ልጁ ውባንተ ርስቱን ወረሰ። የወረዳው ገዥም ከጠላቶችህ ልጠብቅህ ብሎ እሱኑ እያስመረቀ፣ ከወንዝ ዳሩ መሬት በቀር ርስቱን ሁሉ ከእጁ አወጣው። ውባንተ እዚያው ጉባኤ ፊት ቀርቦ የደረሰበትን ሊናገር ሲል፣ የሚሆን ቃል አጥቶ ብዙ ቆመ ይላሉ። ኋላ መሬት መሬቱን እያየ «ጓነጎሉኝ» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። አትጠገብ ያን ጊዜ አርጅታ ነበር፤ ከሴቶቹ መካከል በምርኩዟ ተደግፋ ተነሣችና የሳቁትን ዝም አሰኘቻቸው።

«አባትህ ያደረገኝን አሁን አውቀኸዋል» አለችው። «የወንዝ ዳሩ መሬት ግን ገና በእጅህ ነው። መቼ ትመልስልኛለህ?»

አንዳንዶች በዚያው ክረምት መሬቱን ለልጇ አስረከበ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ወጣ እንጂ አልመለሰም ይላሉ። ሁለቱንም የሚያወሩት ሰዎች አሁንም በዚህ ይጣላሉ። በግራር አምባ ግን ዛሬ በጉባኤ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ «ተጓነጎልኩ» ካለ፣ ሰብሳቢው ሌላ ስም አይጠይቀውም፤ ምን እንደተወሰደበት ብቻ ይጠይቀዋል።