የዋንዛ ሥር እድር መኪና ሲገዛ

ይህ እየሄደ የሚረዝም ነገር ነው፤ ትንፋሽ ያለው አብሮኝ ይበል፣ የሌለው ጆሮውን ይስጠኝ።

ዋንዛ ሥር የምትባል አንዲት የቆላ መንደር ነበረች። ከመንደሯ እስከ ደጋው ከተማ ያለው መንገድ ድንጋይና ጭቃ ነው። ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛትን አንዲት ልጅ በቃሬዛ ሲያወጧት መንገድ ላይ አረፈች። ከቀብር መልስ የእድሩ ዳኛ ትርንጎ ተነሥታ፣ «እስካሁን የሞተ ቀበርን። አሁን ደግሞ ሰው ሳይሞት እናድርስ» አለች። እድርተኛው ዓመቱን ሙሉ አዋጣ፤ ለጭቃና ለዳገት የሚሆን መኪና ለመግዛት በቃ።

ደጋው ከተማ ላይ ጡረተኛው ጋሽ ሽፈራው እንዲህ ያለ መኪና አላቸው። ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ከተገዛ ዓመት ያልሞላው፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ያልተነሣ። ዓይናቸው ቢደክም ሐኪም መንዳት ከለከላቸው። ትርንጎ የእድሩን ጸሐፊ አስከትላ ዳገቱን ወጥታ ሄደችና ሽጡልኝ አለቻቸው።

«መሸጡንስ እሸጠው ነበር» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «ግን የጋራ ንብረት ነው። ላቀች ካልፈረመች አልሸጥም።»

ትርንጎ ወደ ሚስታቸው ወደ ጓዳ ዘለቀች። «እትዬ ላቀች፣ ጋሽ ሽፈራው አልሸጥም አሉ፤ እባክዎ ይፈርሙልኝ።»

እትዬ ላቀች ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «በዚህ መኪና ሰበብ እህቴ ካኮረፈችኝ ስምንት ወሯ። በዚህ በር ስትገባ ካላየኋት አልፈርምም።»

እህትየው እትዬ ጥሩወርቅ ከገበያው ማዶ ነው ቤታቸው። ትርንጎ ገበያውን አቋርጣ ሄደች። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጋሽ ሽፈራው አልሸጥም አሉ፤ እትዬ ላቀች አልፈርምም አሉ፤ እባክዎ እህትዎ ዘንድ ይሂዱልኝ።»

«እኔ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «የልጄ ሠርግ ለት መኪናውን ብለምን፣ ‘ጭቃ ይነካዋል’ ተባልኩ! ሙሽራዬ በጋሪ መጣች። የነፍስ አባታችን ራሳቸው እጄን ይዘው ካልወሰዱኝ አልሄድም።»

የነፍስ አባትየው አባ ላእከ ኮረብታው ላይ ናቸው። ትርንጎ ኮረብታውን ወጣች። «ይፍቱኝ አባቴ። ጋሽ ሽፈራው አልሸጥም አሉ፤ እትዬ ላቀች አልፈርምም አሉ፤ እትዬ ጥሩወርቅ አልሄድም አሉ፤ እባክዎ ይውረዱልኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ማስታረቅስ ሥራዬ ነው፤ ጉልበቴ ግን ቁልቁለቱን አይችልም። በቅሎዬ ካልተጫነች አልወርድም።»

በቅሎዋ ጥግ ላይ ቆማለች። ትርንጎ ሳቋ ቢመጣም ለሷም ነገረቻት። «ጋሽ ሽፈራው አልሸጥም አሉ፤ እትዬ ላቀች አልፈርምም አሉ፤ እትዬ ጥሩወርቅ አልሄድም አሉ፤ አባ ላእከ አልወርድም አሉ፤ እባክሽ ተጫኚ።» በቅሎዋ ጆሮዋን ጥላ በኋላ እግሯ ተራገጠች። የኮርቻው ስፌት ተተርትሮ እንጨቱ ጀርባዋን ይወጋታል። ካልተሰፋ አልጫንም ማለቷ ነው።

ትርንጎ ኮርቻውን ተሸክማ ኮርቻ ሰፊው አያ ጫኔ ዘንድ ሄደች። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። አያ ጫኔ ወስፌውን ሰብስቦ፣ ዱላውን አንሥቶ ሊወጣ ነበር።

«አያ ጫኔ፣ ጋሽ ሽፈራው አልሸጥም አሉ፤ እትዬ ላቀች አልፈርምም አሉ፤ እትዬ ጥሩወርቅ አልሄድም አሉ፤ አባ ላእከ አልወርድም አሉ፤ በቅሎዋ አልጫንም አለች፤ እባክህ ስፋልኝ።»

«አልሰፋም!» አለ ዱላውን ጨብጦ። «ልጄ ቆላ ነው ያለችው። ወሯ ገብቷል፤ ሕፃኑ በአግድም ነው፣ ሆስፒታል ካልሆነ አትወልጂም ብለዋታል። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ወርጄ ላመጣት ነው።»

«ቆላ የት?»

«ዋንዛ ሥር።»

ትርንጎ ኮርቻውን ከትከሻዋ አወረደች። «አትጠገብ ያንተ ልጅ ናት?»

«ታውቂያታለሽ?»

«የሰፈሬ ልጅ ናት።» ጠጋ አለችው። «አምና መንገድ ላይ የሞተችብንን ልጅ ዓይኗን የከደንኳት እኔ ነኝ፣ አያ ጫኔ። መኪናውን የምንገዛው ሌላ እንዳትደገም ነው። አንተ በእግርህ ወርደህ በቃሬዛ ስታወጣት ሁለት ቀን ነው። በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም።»

አያ ጫኔ ዱላውን አየ፤ ኮርቻውን አየ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ተቀመጠ። «ክሩን ሰም ቀቢልኝ» አላት።

አያ ጫኔ ሰፋ። ጠዋት በቅሎዋ ተጫነች፤ አባ ላእከ ወረዱ፤ እጃቸውን ሲይዟቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ያን ጊዜ ጋሽ ሽፈራው እየዳበሱ መጡና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ለብረት ሳስቼ ሰው አስቀየምኩ፤ ይቅር በይኝ» አሏቸው። እትዬ ላቀች እህታቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ፈረሙ፤ ጋሽ ሽፈራውም ሸጡ።

መንጃ ፈቃድ ያለው የእድሩ ጸሐፊ መሪውን ያዘ። ትርንጎና አያ ጫኔ ከኋላ ተቀመጡ። ዝናቡ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ጀመረ፤ ጎማው ጭቃውን እየገመሰ ወረደ።

አትጠገብ በራፏ ላይ ሆዷን ደግፋ ቆማ ነበር። አባቷ ከመኪና ሲወርድ ብታይ ደነገጠች።

«ምነው አባዬ? ማን ታሞ ነው?»

አያ ጫኔ ሮጦ ደገፋት፤ ትርንጎ መለሰችላት። «ማንም አልታመመም። ዛሬ ቀድመን መጣን። ነጠላሽን ያዢና መኪናው ውስጥ ግቢ።»

ያየሁትን ነገርኳችሁ፤ የሰማችሁትን ለጎረቤት አድርሱ።