በነፃ የተለቀቀው ዘፈን

ወልድያ ገበያ ዳር ልብስ የምትሰፋ አንዲት ሴት ነበረች። ሥራ ስትጀምር ስልኳን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በኢንተርኔት በነፃ የለቀቋቸውን ዘፈኖች እየፈለገች ትከፍታለች።

አንድ ቀን ድምፃዊ ይመኑ አጥናፉ በበሯ ሲያልፍ የራሱን ድምፅ ሰማ። ዘው ብሎ ገባና፣ «ሥራዬን ሰርቀሽ ነው የምታጫውቺው? ማን መሰልኩሽ?» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ፖሊስ አስጠራ፤ ሰውም ተሰበሰበ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እግሬ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂኝ፤ አለዚያ ሱቅሽ ይታሸጋል!» አላት።

ሴትዮዋ የድምፃዊውን ገጽ ከፍታ ስልኳን ለፖሊሱ ሰጠችው። ፖሊሱም ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ይህን ዘፈን ማንም ሰው በነፃ አውርዶ በቤቱም በሱቁም እንዲያጫውተው ፈቅጃለሁ። ይመኑ አጥናፉ።»

ድምፃዊውን ላብ አጠመቀው። እንዲያም ሆኖ መሸነፉን መቀበል አልሆነለትምና፣ «ይሄስ ይሁን፤ አንቺ ግን ባልፈቅድልሽም ኖሮ ከመስረቅ አትመለሺም ነበር!» አላት።

ሴትዮዋ ወደ ስፌት መኪናዋ እየተመለሰች፣ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ የሰማሁት በነፃ ስለሆነ ነው፤ ልስረቅ ካልኩማ ጥሩ ዘፈን መች ጠፋ?» አለችው።